ከፊት የሚበረው ሰው
የጄት አውሮፕላኖች ሰልፍ እንዴት ይመራል?

አንባቢ ሆይ፤ አራት የጦር ጄቶች ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ከራስዎ በላይ ሲያልፉ አይተው ይሆናል። ድምፃቸው የቤቱን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣል፤ ልጆች ከየደጁ ይወጣሉ፤ አዋቂውም መዳፉን በግንባሩ ላይ ጥሎ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። አራቱ በአንድ ክር የታሰሩ ይመስል አብረው ያዘነብላሉ፤ አብረው ይቃናሉ። በዚህ ጊዜ «ከኋላ ያሉት ሦስቱ ምን ያህል ጎበዞች ቢሆኑ ነው ሳይጋጩ የሚከተሉት?» ብለው ሳያደንቁ አይቀሩም።

አድናቆትዎ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከፊት ስላለው ሰው አስበው ያውቃሉን? ሲያዩት ከሁሉ የቀለለውን ሥራ የያዘ ይመስላል። ማንንም አይከተልም፤ ከማንም ክንፍ ጋራ ያለውን ርቀት አይለካም፤ ፊቱ ባዶ ሰማይ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከፊት ያለው ሰው የሚነዳው አንድ አውሮፕላን ሲሆን፣ የሚያስብላቸው ግን ሁለት ወይም አራት ናቸው። በጄት ትምህርት ቤቶች ተማሪው መከተልንና መምራትን እየተፈራረቀ ይማራል። መከተል እጅንና ዐይንን ይፈትናል፤ መምራት ግን ከእጅና ከዐይን በላይ ሐሳብን ይፈትናል።

ዛሬ የምናጫውትዎ ስለዚሁ ከፊት ስለሚበረው ሰው ነው። ነገሩ የወታደር ቢሆንም በትምህርት ላይ ላለ ወጣትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ሥራ ለጀመረ ሰው የሚጠቅም ቁም ነገር አለበት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ደንቡን የጻፈው ሰው

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መባቻ የአውሮፕላን ነጂዎች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻቸው ይወጡ ነበር። ብቻውን የሚበር ሰው ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ጀርባውን አያይም። ከኋላው የመጣው ጠላት እስኪተኩስበት ድረስ መኖሩን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ነጂዎቹ አንዱ የሌላውን ጀርባ እንዲጠብቅ አብረው መብረር ጀመሩ።

አብሮ ለመዋጋት ደንብ ካወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ኦስቫልድ ቦልከ ነው። ቦልከ በ1916 ለወጣት ነጂዎች የሚሆኑ አጫጭር ደንቦች አዘጋጀ። ከነዚህም አንዱ ውጊያው በተቀላቀለ ጊዜ ብዙዎች ሆነው አንዱን ጠላት ብቻ እንዳያሳድዱ የሚያስጠነቅቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 28 ቀን ቦልከ ከጓደኞቹ ጋራ ወጣ። በውጊያው መካከል እርሱና ኤርቪን ቦመ የተባለው ጓደኛው አንዱን የእንግሊዝ አውሮፕላን ያሳድዱ ነበር። ሌላ አውሮፕላን በድንገት ፊታቸውን አቋርጦ ሲያልፍ ሁለቱም ለመሸሽ ታጠፉ፤ የጓደኛው አውሮፕላን የታችኛው ክፍል የቦልከን የላይኛ ክንፍ ነካው። መነካካቱ ቀላል ነበር፤ ክንፉን ለመጉዳት ግን በቃ። ጓደኛው በሕይወት ተረፈ፤ ቦልከ ሞተ። አርባ የጠላት አውሮፕላኖች የጣለውን ሰው ጠላት ሳይሆን የገዛ ጓደኛው አውሮፕላን ገደለው፤ ያውም ሁለት ሆነው አንዱን ሲያሳድዱ።

ከዚህ የምንረዳው ደንብን ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሁለት ሰዎች አብረው በሚበሩበት በእያንዳንዱ ቅጽበት ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚቆይ፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ የታወቀ መሆን አለበት። ይህንንም አስቀድሞ የሚወስነው መሪው ነው።

ስድስት ዐይኖች እያሉ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሦስት ሦስት እየሆኑ ይበሩ ነበር። መሪው ከፊት፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ትንሽ ወደ ኋላ ሆነው ይጠጉታል። ለሰላም ጊዜ ትርኢት እጅግ ያማረ ሰልፍ ነበር። በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ከጀርመኖች ጋራ ከባዱ ውጊያ ሲነሣ ግን ጉድለቱ ወጣ።

እስቲ ነገሩን እንቍጠረው። ሦስት ሰዎች ስድስት ዐይን አላቸው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ግን ከመሪያቸው ጋራ እንዳይጋጩ ዐይናቸውን ከክንፉ ላይ አይነቅሉም። እንግዲህ ጠላትን የሚፈልጉት የመሪው ሁለት ዐይኖች ብቻ ሆኑ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ታዛዦች ነበሩ፤ ጎበዞችም ነበሩ፤ ነገር ግን የሰልፉ አሠራር አሳውሯቸዋል።

ጀርመኖች ይህንን ቀደም ብለው አርመውት ነበር። በ1938 በስፔን የርስ በርስ ጦርነት ላይ የነበረው ቬርነር ሞልደርስ ሁለት ሁለት ሆኖ መብረርን አስፋፋ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 200 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ማንም ሰው የጓደኛውን ክንፍ ሲጠብቅ አይውልም። ሁለት ጥንዶች ሲገናኙ አራት ይሆናሉ። ይህንን ሰልፍ ለማየት ቀኝ እጅዎን በጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና አውራ ጣትዎን ወደ ውስጥ ይጠፉት። የመካከለኛው ጣት ጫፍ መሪው ነው፤ ሌባ ጣት የርሱ ተከታይ ነው፤ የቀለበት ጣት የሁለተኛው ጥንድ መሪ፣ ትንሿ ጣት ደግሞ የዚያኛው ተከታይ ናት። እንግሊዞችም ከብዙ ጕዳት በኋላ ሦስቱን ትተው ይህንኑ የአራት ጣት ሰልፍ ያዙ።

የአራት አውሮፕላን ምድብ ወደ ጄት ዘመንም ተሻግሯል። በኮሪያ ጦርነት ኤፍ-86 ሳበር የተባሉት የአሜሪካ ጄቶች አራት አራት ሆነው ይወጡ ነበር፤ ይኸው ሳበር በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ አየር ኃይልም ያገለገለ ነው። የጄት ፍጥነት ሲጨምር በአውሮፕላኖቹ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ሄደ እንጂ አሳቡ አልተለወጠም። አሳቡም ይህ ነው፤ የመሪ ተግባር ተከታዩን ማስከተል ብቻ ሳይሆን የተከታዩን ዐይን ነጻ ማውጣት ነው።

ፊተኛው ወንበር የተማሪው ነው

አሁን ደግሞ ይህ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ እንመልከት። በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ ዊቺታ ፎልስ በምትባል ከተማ አጠገብ ሼፐርድ የሚባል የአየር ኃይል ጦር ሰፈር አለ። ከ1981 ጀምሮ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች ወጣት መኮንኖቻቸውን ለጄት ትምህርት ወደዚያ ይልካሉ። ጀርመኑ፣ ኢጣሊያኑ፣ ኖርዌጁና አሜሪካኑ በአንድ ክፍል ተቀምጠው በአንድ ቋንቋ ይማራሉ።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ በፕሮፔለር አውሮፕላን መሠረቱን ይማራሉ፤ ተዋጊ ለመሆን የሚዘጋጁትም ቀጥለው ቲ-38 ወደ ተባለው ጄት ይሸጋገራሉ። ቲ-38 በ1959 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ፣ ቀጭን፣ ሁለት ሞተር ያለውና ከድምፅ ፍጥነት ማለፍ የሚችል የማሠልጠኛ ጄት ነው። ሁለቱ ወንበሮቹ አንዱ ከሌላው ኋላ የተደረደሩ ናቸው። ተማሪው ከፊት ይቀመጣል፤ አስተማሪው ከኋላ ሆኖ ይመለከታል። ስለዚህ ሰልፍ መምራትን የሚማር ወጣት ከፊቱ ማንም የለም፤ ከኋላው አስተማሪው፣ ከጎኑ ደግሞ «ቁጥር ሁለት» የሚባለው ጓደኛው አለ። እርሱ ራሱ «ቁጥር አንድ» ነው። ነገ ተራው ይለወጥና እርሱ ቁጥር ሁለት ይሆናል።

ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል የአገራችን ሰው። የሰልፍ መሪ ሥራም የሚጀምረው ሞተር ሲነሣ ሳይሆን በመሬት ላይ፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው።

መሪው በመጀመሪያ የአየሩን ሁኔታ ይመረምራል፤ ደመናው በየትኛው ከፍታ እንዳለና ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ያያል። ቀጥሎ የሚሠሩበትን የሰማይ ክልል ወሰን ያጠናል፤ ክልሉ እንደ እርሻ ማሳ ድንበር አለው፤ ከድንበሩ ወዲያ ሌሎች ተማሪዎች ይበራሉ። ከዚያም ሁለቱን አውሮፕላኖች የሚነዱት ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መሪው የበረራውን ነገር ከመነሣት እስከ ማረፍ ያስረዳል። እያንዳንዱ መዞር በተራው ይነገራል። ራዲዮ ቢበላሽ በምን ምልክት እንደሚነጋገሩ፣ ወፍ ቢመታቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ በደመና ውስጥ ቁጥር ሁለት መሪውን ቢያጣ ወዴት ዞሮ እንደሚርቅ ሁሉ ይወሰናል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ በሰማይ ላይ ለክርክር ጊዜ የለም። በጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ደቂቃ የፈጀ ጥያቄ በአየር ላይ ቢነሣ መልሱ ሳይመጣ ጄቶቹ ዐሥር ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ስለዚህ መሪው «ጥያቄ ያለው አለን?» ብሎ ሲጠይቅ ለወጉ አይደለም። ሳይገባው የሚነሣ ተከታይ ለሁለቱም አደጋ ነው።

የአንድ ሜትር ርቀት

ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያው ሰልፍ ክንፍ ለክንፍ ነው። በዚህ ሰልፍ በሁለቱ የክንፍ ጫፎች መካከል የሚቀረው ርቀት አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰልፉ የሚጠቅመው ለጌጥ አይደለም፤ ሁለት አውሮፕላኖች ደመናን ሳይጠፋፉ የሚያልፉት እንዲህ ተጠጋግተው ነው።

ቁጥር ሁለት ከመሪው ሌላ የሚያየው ነገር የለም። መሬት የት እንዳለ፣ ፍጥነቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ነዳጁ ምን ያህል እንደ ቀረ ለማየት ዐይኑን የሚያነሣው ለአፍታ ብቻ ነው። ለርሱ አድማስ ማለት የመሪው ክንፍ ነው። መሪው ቢያዘነብል ያዘነብላል፤ መሪው ቢወርድ ይወርዳል።

ስለዚህ ጥሩ መሪ እጁ ለስላሳ ነው። ባለ መኪና አሮጊት እናቱን ከኋላ አስቀምጦ ሲነዳ እንደሚጠነቀቅ፣ እርሱም ድንገት አያጥፍም፤ ድንገት ኃይል አይጨምርም፤ ድንገትም አይቀንስም። ከሁሉም በላይ የሞተሩን ኃይል አሟጦ አይጠቀምም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሞተሮች አንድ ዐይነት ናቸው። መሪው ያለውን ኃይል ሁሉ ቢሰጥ፣ በመዞር ላይ ከውጭ በኩል ያለው ቁጥር ሁለት ረጅሙን መንገድ ስለሚሄድ የሚጨምረው ኃይል አጥቶ ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ መሪው ለራሱ የማያስፈልገውን ጥቂት ኃይል ለተከታዩ ሲል ሳይነካ ይተዋል። መሪው «እኔ እችላለሁ» ስላለ ብቻ አይበቃም፤ «እርሱስ ይችላልን?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ፀሐይም ትታሰባለች። ቁጥር ሁለት በፀሐይ ትይዩ ሆኖ መሪውን እንዲመለከት ከተገደደ ዐይኑ ይጭበረበራል። አሳቢ መሪ ከመዞሩ በፊት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወድቅ ያስባል።

የውጊያው ሰልፍ

ከዚህ በኋላ ዋናው ትምህርት ይመጣል፤ ይኸውም ታክቲካል ፎርሜሽን ወይም የውጊያ ሰልፍ የሚባለው ነው። መሪው ምልክት ሲሰጥ ቁጥር ሁለት ይርቃል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ በመካከላቸው ግን ከ1200 እስከ 1800 ሜትር ይሆናል። ከመሬት ለሚያይ ሰው አብረው የሚበሩ አይመስሉም። አንዱ ለሌላው የሚታየው እንደ ትንሽ ወፍ ነው።

ይህን ያህል የሚራራቁት አንዱ የሌላውን ጀርባ እንዲያይ ነው። ነጂዎች አቅጣጫን የሚናገሩት በሰዓት ገጽ ነው፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ በ12 ቁጥር ላይ፣ ጅራቱ በ6 ቁጥር ላይ እንዳለ አድርገው ይቆጥራሉ። ከ6 ቁጥር በኩል የሚመጣውን ማንም በገዛ ዐይኑ በደንብ አያይም። ጎኑ ላይ ርቆ ያለው ጓደኛው ግን አንገቱን ጥቂት ዞር ቢያደርግ ያይለታል። አሁን አራቱም ዐይኖች ሥራ ያዙ ማለት ነው።

ዳሩ ግን እንዲህ የተራራቁ ሁለት ጄቶች እንዴት አብረው ይዞራሉ? ሁለቱ እኩል ቢታጠፉ አንዱ ከሌላው ኋላ ይቀራል፤ ሰልፉም ይፈርሳል። ብልሃቱ ይህ ነው። መሪው በግራ፣ ቁጥር ሁለት በቀኝ ሆነው ወደ ሰሜን ይበራሉ እንበል፤ በመካከላቸው 1500 ሜትር አለ፤ ፍጥነታቸው በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ማለት ወደ ቀኝ ሊዞሩ ፈለጉ። መጀመሪያ የሚዞረው ከውጭ በኩል ያለው መሪው ነው። ቁጥር ሁለት ቀጥ ብሎ መሄዱን አይተውም። መሪው ዞሮ ከቁጥር ሁለት ኋላ ያልፋል። ቁጥር ሁለትም ዘጠኝ ሴኮንድ ያህል ከቆየ በኋላ በተራው ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ሲጨርሱ እንደገና ጎን ለጎን፣ በዚያው በ1500 ሜትር ርቀት ይገኛሉ፤ ልዩነቱ በቀኝ የነበረው ወደ ግራ መሻገሩ ብቻ ነው። በእርሳስና በወረቀት ይሞክሩት፤ ልክ ሆኖ ያገኙታል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በአየር ላይ ግን በጠንካራ መዞር ጊዜ የሰው አካል ክብደት ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ወጣት ሁለት መቶ አርባ ኪሎ የከበደ ያህል ይሰማዋል። አንገትን ወደ ኋላ ማዞር ራሱ ትግል ነው። በዚህ መካከል መሪው ቁጥር ሁለት መዞሩን ማየት፣ የክልሉን ድንበር መጠበቅ፣ ከፍታውን መመልከት፣ ሌላ አውሮፕላን አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ የሚቀጥለውንም መዞር ማሰብ አለበት። ጀማሪ መሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በገዛ አውሮፕላኑ ላይ ብቻ አተኩሮ ጓደኛውን ይረሳል፤ ሌላው ደግሞ ጓደኛውን ሲጠባበቅ ሰልፉ ወዴት እየሄደ እንዳለ ይዘነጋል።

«አላየሁህም»

በውጊያው ሰልፍ እጅግ አስፈላጊ የሆነች አንዲት ቃል አለች። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ከዐይኑ ካጣ ወዲያውኑ በራዲዮ «ብላይንድ» ይላል፤ «አላየሁህም» ማለት ነው። ሌላው የሚያየው ከሆነ «ቪዥዋል» ብሎ መልሶ የት እንዳለ ይነግረዋል። ሁለቱም ካልተያዩ መሪው አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ በከፍታ ይለያቸዋል።

ይህችን ቃል መናገር ለወጣት ተማሪ ቀላል አይደለም። አስተማሪ እየሰማው፣ ጓደኛው እየሰማው «ጠፋብኝ» ማለት ያሳፍራል። «ትንሽ ልቆይ፤ አሁን አገኘዋለሁ» የሚል አሳብ ይመጣበታል። ነገር ግን ሁለት ጄቶች ፊት ለፊት ቢመጣጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት በአንድ ሴኮንድ ከ300 ሜትር በላይ ያጥራል። ከ1500 ሜትር ላይ ሆኖ አምስት ሴኮንድ ማፈር ማለት ርቀቱን ሁሉ መጨረስ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ አላየሁም ያለ ተማሪ አይነቀፍም፤ አለማየቱን የደበቀ ግን ይነቀፋል።

ሌላም ቃል አለ። አደገኛ ነገር ያየ ማንኛውም ሰው፣ መሪ ይሁን ተከታይ፣ አዋቂ ይሁን ጀማሪ፣ «ኖክ ኢት ኦፍ» ብሎ ከጠራ ልምምዱ በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ምክንያቱ የሚጠየቀው በኋላ ነው።

ስለ ነዳጅም እንዲሁ አስቀድሞ ሁለት ልክ ይወሰናል። የመጀመሪያው «ጆከር» ይባላል፤ «ልምምዱን ወደ መፈጸም ተቃረብ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው «ቢንጎ» ነው፤ «አሁኑኑ ተመለስ» ማለት ነው። መሪው የሚያሰላው ግን በራሱ ነዳጅ አይደለም። ተከታይ ሰልፉን ለመጠበቅ ሞተሩን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ ስለሚውል ብዙውን ጊዜ ከመሪው ይልቅ ይፈጃል። ስለዚህ ሰልፉ የሚመለሰው ትንሽ ነዳጅ በቀረው ሰው ልክ ነው።

በኔቫዳ በረሃ የሆነው

መምራት ምን ያህል ከባድ አደራ እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ አሳዛኝ ነገር እንንገርዎ።

ተንደርበርድስ የሚባለው የአሜሪካ አየር ኃይል የትርኢት ቡድን ከ1974 ጀምሮ የሚበረው በዚሁ በቲ-38 ነበር። በ1982 ጃንዋሪ 18 ቀን አራት የቡድኑ አባሎች በኔቫዳ ክፍለ ግዛት፣ ኢንዲያን ስፕሪንግስ በተባለ ስፍራ ይለማመዱ ነበር። ልምምዱ አራቱ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ላይ ወጥተው፣ በጀርባቸው ተገልብጠው፣ እንደ ቀለበት ዞረው ወደ ታች የሚመለሱበት ነው። አራቱም ወጡ፤ ተገለበጡ፤ መውረድም ጀመሩ። በመጨረሻ ቀና ማለት ሲገባቸው ግን የመሪው አውሮፕላን አልቃናም። ከርሱ ጋራ ሦስቱም አልቃኑም። አራቱ ጄቶች በአንድ ቅጽበት በረሃው ላይ ወደቁ፤ አራቱም ነጂዎች ሞቱ።

የአየር ኃይሉ ምርመራ እንዳስረዳው በመሪው አውሮፕላን ላይ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጅራቱ መሣሪያ ተይዞበት ነበር። ሦስቱ ተከታዮች ግን አውሮፕላኖቻቸው ደኅና ነበሩ። እነርሱ መሬትን አይመለከቱም ነበር፤ የሚመለከቱት መሪያቸውን ነበር። የክንፍ ለክንፍ ሰልፍ የሚጠይቃቸውም ይህንኑ ነው። አንዳቸውም ሥራቸውን አላጎደሉም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህንን የምንነግርዎ የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም፤ መሪውም ያልተጠበቀ ብልሽት የደረሰበት ሰው ነው። የምንነግርዎ ሰው ዐይኑን ለሌላ ሰው ሲሰጥ ምን እንደሚሰጥ እንዲያስቡት ነው። በቅርብ ሰልፍ ተከታዩ ሕይወቱን በመሪው እጅ ያኖራል። ስለዚህ የቅርብ ሰልፍ ለሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ ነው፤ በውጊያ ሰልፍ ግን ተከታዩ ራቅ ይላል፤ መሬቱን፣ ሰማዩንና የመሪውን ጀርባ ያያል፤ ያየውንም ይናገራል።

ካረፉ በኋላ

አንድ የቲ-38 የልምምድ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ንግግር ግን ብዙውን ጊዜ ከበረራው ይረዝማል። ሁሉም እንደገና በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። መሪው በሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱን መዞር መስመር በሁለት ቀለም ይስላል። የትኛው ጊዜውን ጠበቀ? የትኛው ዘገየ? ርቀቱ የሰፋው በማን ምክንያት ነው?

እዚህ ላይ ማዕርግ ወደ ጎን ይቀመጣል። መልካም መሪ የሚጀምረው ከራሱ ስሕተት ነው፤ «ሦስተኛውን መዞር ዘግይቼ ጠራሁት፤ ስለዚህ አንተ ራቅህ» ይላል። እርሱ እንዲህ ከጀመረ ቁጥር ሁለት የራሱን ለመደበቅ ምክንያት አይኖረውም። የሚፈለገው ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ሳይሆን ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ሆነ፣ በሚቀጥለው በረራ ምን መደረግ እንዳለበት ነው። ተማሪው ነገ ቁጥር ሁለት ሆኖ ሲወጣ፣ ዛሬ በመሪነት ያየው ሁሉ ይረዳዋል፤ ከፊት የበረረ ሰው ከኋላ ያለውን ድካም ያውቃል፤ ከኋላ የበረረም ሰው ከፊት ያለውን ጭንቀት ይረዳል።

እርስዎ ምናልባት ጄት አይነዱ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሓፊ ቢሆኑ ነገ የአንድ ክፍል ሹም፣ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ይሆኑ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰዎች ይከተሉዎታል። እርስዎን ብቻ እያዩ የሚከተሉዎት ከሆነ ደስ ይልዎ ይሆናል፤ ሰልፉም ለሩቅ ተመልካች ያማረ ይሆናል። ነገር ግን የሥራ ዕቅድዎን ሲያወጡ ከሁሉ የደከመው ሰው ሊፈጽመው ይችል እንደ ሆነ ይመርምሩ፤ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ጥያቄ ያለው እንዳለ ይጠይቁ፤ «አልገባኝም» ያለውንም ሰው አያሳፍሩት። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ቁጥር ሁለት ነዎት፤ ከእርስዎ በፊት ያለው ሰው የማያየውን ከኋላው የሚመጣ ነገር ካዩ፣ ሳይዘገዩ ይንገሩት።